የዋርሳዋ ስም

ሬዲዮ ፊት የለውም። ሮቤ ባለው ትንሽ የሬዲዮ ጣቢያችን ለአዲስ ገቢ ሁሉ መጀመሪያ የምነግረው ይህንን ነው። ተናጋሪው ግንባሩን ቢቋጥር፣ በጣቱ ወደ ተቀናቃኙ ቢጠቁም፣ ከጎሮ ገበያ ስትመለስ በስልኳ የምታዳምጠን ሴት አይታያትም። ለእሷ ያለው ድምፅ ብቻ ነው። «እሱ» ወይም «ያ ሰውዬ» ሲባል ማን እንደሆነ ካላወቀች ጣቢያውን ትቀይራለች፤ እውነቷን ነው።

ያን የምርጫ ሰሞን ይህ ነገር ራስ ምታት ሆኖብን ነበር። በመጀመሪያው የእጩዎች ክርክር ሦስት ወንዶች ስቱዲዮ ገብተው «እሱ እንዳለው»፣ «እሱ እንደዋሸው» ሲባባሉ ሰዓቱ አለቀ። ከዚያ በኋላ የስልካችን ጩኸት አላባራም፤ አድማጩ ማን ማንን እንደሰደበ አልገባውም። የጣቢያው ኃላፊ ከሌላ አካባቢ የመጣ፣ ሥርዓት የሚወድ፣ በሙቀትም በብርድም የሸሚዙን ቁልፍ እስከ አንገቱ የሚቆልፍ ሰው ነው። በማግስቱ አዲስ ደንብ አወጣ። ተከራካሪ ስለ ተቀናቃኙ ሲናገርም ሆነ ሲጠይቅ በስም ይጥራ። አንዴ ማስጠንቀቂያ ይሰጠዋል፤ ከደገመ ተራውን ያጣል። ስብሰባው ላይ ሁላችንም ደገፍነው። ማን ይቃወመዋል? ለአድማጭ የታሰበ ጨዋ ደንብ ነው።

እኔ የሴቶች ፕሮግራም አዘጋጅ ነኝ። ስሙ ትልቅ ይመስላል እንጂ ሥራው ለዓመታት ከሙዚቃና ከስፖርት በተረፈች ደቂቃ ስለ ሕፃናት አመጋገብ ማውራት ነበር። ያውም ረፋድ ላይ፣ ሴቱ ሁሉ ማሳ ወይም ገበያ በሚውልበት ሰዓት። ስለ መንገድ፣ ስለ ውሃ፣ ስለ መሬት የሚናገሩ ሴቶች ድምፅ ቀድቼ ስመጣ «ይሄማ ፖለቲካ ነው፣ ለዜና ክፍል ስጪው» እባላለሁ። ዜና ክፍል ደግሞ ቆራርጦ ከአንድ ባለሥልጣን መግለጫ ሥር ይሸጉጠዋል። ስንቴ ተጨቃጨቅሁ። ጠባዬም ለጭቅጭቅ የተመቸ ነው፤ ጎባ ያለችው እናቴ ትመስክር።

በመጨረሻ አንድ ነገር አስፈቀድኩ። ሴት እጩ ባለችበት ክርክር ሁሉ መሪዋ እኔ እንድሆን፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሰው ቤቱ በሚገባበት ሰዓት በቀጥታ እንዲተላለፍ። በቀጥታ የሚተላለፍን ነገር ማንም አይቆርጠውም። ያን ዕለት ከሮቤ ወደ ጎባ በሚኒባስ ስመለስ ብቻዬን ፈገግ ስል አጠገቤ የተቀመጡት ሰውዬ ፈቀቅ አሉብኝ።

የመጀመሪያዋ እጩዬ ከጎባ በላይ፣ ወደ ሳነቴ በሚያወጣው መንገድ ግራና ቀኝ ካሉት ቀበሌዎች ከአንዱ የመጣች ገበሬ ነበረች። ከእኔ ብዙ አትበልጥም። ወፈር ያለ፣ የማይቸኩል ድምፅ አላት፤ እንዲህ ያለ ድምፅ በስንት ዓመት አንዴ ነው የሚገኘው። ለወረዳ ምክር ቤት በግሏ ተመዝግባለች። ለምን እንደተወዳደረች ስጠይቃት አላንዛዛችውም።

«አንድ ጥያቄ አለኝ። ሕዝብ እየሰማ ልጠይቅ ነው የመጣሁት» አለች።

ጥያቄዋ የድልድይ ነው። ቀበሌያቸውን ከመኪናው መንገድ የሚለየው ከተራራው የሚወርድ ወንዝ ነው። በበጋ ልጅ ይሻገረዋል። ዝናብ ሲጥል ግን ምጥ የያዛት ሴት በቃሬዛ እስከ ዳሩ ትደርስና ትቆማለች፤ ከዚያ ወዲያ ፈጣሪ ያውቃል። ባለፈው የምክር ቤት ዘመን ቀበሌውን የወከሉት ሰው የድልድዩን ጉዳይ በምክር ቤቱ አነሳለሁ ብለው ቃል ገብተው ነበር። አሁንም ይወዳደራሉ። አንስተውታል ወይስ አላነሱትም? ይህንን አንድ ነገር ከአፋቸው መስማት ትፈልጋለች። በስብሰባ ጠይቃ «በሂደት ላይ ነው» ተብላለች። በሽማግሌም አስጠይቃ ያንኑ ተብላለች። በሬዲዮ ግን ያውም ጎረቤት ሁሉ እየሰማ እንዲህ ብሎ ማለፍ ይከብዳል።

«ጥሩ ነው» አልኳትና ደንቡን አነበብኩላት። «በስም ይጥራ» የሚለው ጋ ስደርስ ፊቷ ተለወጠ።

«ሰውዬው እኮ ዋርሳዬ ናቸው» አለች። «የባለቤቴ ታላቅ ወንድም።»

ያኔ ነው የሠራነው ስህተት የገባኝ። ባሌ ምድር ያደገ ሰው ይህንን አያጣውም፤ እኔ ራሴ ጎባ ተወልጄ፣ ከኦሮሞ ጎረቤት ጋር አንድ አጥር ተጋርቼ ያደግሁ ነኝ። በአካባቢው ወግ ያገባች ሴት የአማቷንና የባሏን ታላላቅ ወንድሞች ስም አትጠራም። በኦሮምኛ «ላጉ» ይሉታል፣ ክልክል ማለት ነው፤ አፍ አይነካውም። አንዷ ጎረቤታችን የአማቷ ስም የገብስ መጠሪያ ከሆነው የኦሮምኛ ቃል ጋር ስለሚቀራረብ ዕድሜዋን ሙሉ ገብስን «ነጩ እህል» እያለች ነው የሸጠችው። ገበያተኛውም ለምዶት «ነጩ እህል ስንት ነው?» ይላታል። ይህንን እያወቅሁ በዚያ ስብሰባ ላይ አንዴም ትዝ አላለኝም። ደንቡን ስናወጣ በዓይነ ኅሊናችን የነበሩት ተከራካሪዎች ሁሉ ወንዶች ነበሩ፤ እውነቱ ይኸው ነው።

«በቃ ጥሪው!» አልኳት፤ ትዕግሥት የለኝም። «ስም ነው፣ አይነክስም። በዚህ ዘመን!»

አልተቆጣችም። «እህቴ፣ አንቺ ብትጠሪው ምንም አትሆኚም። እኔ ብጠራው ግን መጀመሪያ ሬዲዮውን የሚዘጉት ወንዶቹ አይደሉም፣ ሴቶቹ ናቸው። የባሏን ቤት ያላከበረች የእኛን ጉዳይ እንዴት ታከብራለች ይላሉ። ከዚያ ድልድዩን ማን ይሰማኛል? ወሬው ሁሉ የአፌ ነገር ይሆናል።»

«ካልጠራሽው ደግሞ ተራሽን ታጫለሽ።»

«ገብቶኛል» አለችና ደንቡ ላይ ፈረመች። ባሏስ ምን ይላል ብዬ ስጠይቃት ሳቀች፤ የምርጫው ዕለት እንዲያመው እየጸለየ ነው አለችኝ። ሳቋ ግን ቶሎ ጠፋ። ስትወጣ ከደጃፉ በጋሪ ሄደች፤ እኔም እንደ እሳት እየነደድሁ ኃላፊው ቢሮ ገባሁ።

ኃላፊው ሰማኝ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ወጉን ሰምቶ አያውቅም ነበርና ተገረመ። «ሌላኛው እጩ» ብላ ብትጠራቸውስ አልኩት። ደንቡን ሁለቱም ፈርመውበታል፣ የሚለወጠው ሁለቱም ሲስማሙ ብቻ ነው አለኝ። እንግዲያው ዋርሳዋን እንጥራቸው ተባለ።

መጡ። ረጅም፣ ግርማ ያላቸው፣ ለቅሶ የማይቀሩና ጎረቤት የሚያስታርቁ ሰው ናቸው። ክፉ ቢሆኑ ይቀለኝ ነበር። ነገሩን በጥሞና አዳምጠው ፈገግ አሉ።

«እኔ እሷን በስሟ እጠራታለሁ» አሉ። «እሷም እኔን ትጥራኝ። ሴትና ወንድ እኩል ነው የምትሉት እናንተ አይደላችሁም እንዴ?»

ወጉን ከእኔ በላይ ያውቁታል፤ እናታቸውም ሚስታቸውም በእሱ ኖረዋል። የእኛን ቃል ወስደው በእኛው ላይ ዘጉብን። ኃላፊው እጁን ዘርግቶ «ደንብ ደንብ ነው» አለ። ጥርሴን ነክሼ ወጣሁ። ያን ሳምንት በየማታው ከእናቴ ጋር ተጣላሁ፤ እናቴ ምንም አላደረገችኝም።

ቅዳሜ ደረሰ። ስቱዲዮአችን ግድግዳው በስፖንጅ የተለበጠ ጠባብ ክፍል ነው፤ ጣሪያው ቆርቆሮ ስለሆነ ዝናብ ሲጥል አድማጭ ሁሉ ሮቤ መዝነቡን ያውቃል። ያን ዕለት ዘነበ። እሷ ጭቃ የነካውን ቦት ጫማዋን በር ላይ አውልቃ በካልሲ ገባች። እሳቸው በካፖርት መጡ። ሲገናኙ ተነስታ፣ ጎንበስ ብላ ሰላም አለቻቸው፤ እሳቸውም ስለ ልጆቿ ጠየቁ። ያየ ሰው ሠርግ ቤት የተገናኙ ይመስለው ነበር። ኃላፊው ከመስተዋቱ ወዲያ ከቴክኒሻኑ አጠገብ ቆሟል። ክርክሩ በኦሮምኛ ነበር፤ እዚህ በአማርኛ የማወራው እኔ ነኝ።

መጀመሪያ እሳቸው ተናገሩ። ስሟን እንደ በርበሬ በየዐረፍተ ነገሩ ነሰነሱት። እገሊት እንዲህ ብላለች፣ እገሊት ግን ልምድ የላትም፣ እገሊትን እንደ እህቴ ነው የማያት። ሁሉም በደንቡ መሠረት ነው፤ አንድም ነውር የለበትም። እሷ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ታዳምጣለች።

ተራዋ ሲደርስ ጥሩ ጀመረች። ስለ መንገዱ፣ ስለ ጤና ኬላው፣ ድንችና ገብስ ጭነው ወንዝ ዳር ስለሚያድሩ ሰዎች ተናገረች። እንደጠበቅሁት ድምጿ ስቱዲዮውን ሞላው። ከዚያ «ወንድማችን አሁን እንዳሉት…» አለች። ኃላፊው ከመስተዋቱ ወዲያ ጣቱን አነሳ።

ማስጠንቀቂያውን የምሰጠው እኔ ነኝ፤ መሪዋ ነኛ። «እባክዎ፣ በደንቡ መሠረት ተከራካሪዎን በስም ይጥሩ» አልኩ። የገዛ ድምፄ በጆሮ ማዳመጫው ሲመለስልኝ ጠላሁት። ይህችን ሴት ላሰማ ብዬ ስንት ዓመት የተጨቃጨቅኩት እኔ፣ አሁን በማይክሮፎን አፏን እያስያዝኳት ነው። እሷ ራሷን ነቀነቀችና ስለ እሳቸው አንድም ሳታነሳ ንግግሯን ጨረሰች።

ቀጣዩ ክፍል እርስ በርስ መጠያየቅ ነው። እያንዳንዱ ሁለት ጥያቄ አለው፤ ጥያቄው ሲጀመር ደግሞ የተጠያቂው ስም ይጠራል። ማምለጫ የለውም። እሳቸው በስሟ ጠርተው ጠየቁ፣ መለሰች። ከዚያ ወደ እሷ ዞርኩ።

ዝም አለች።

ሬዲዮ ላይ ዝምታ ምን እንደሆነ የሚያውቀው ማይክሮፎን ፊት የተቀመጠ ሰው ነው። እልፍ ሰው ጆሮውን ሰጥቶ ምንም አይሰማም። ከጣሪያው የሚወርደው የዝናብ ድምፅ ብቻ ነው የሚተላለፈው። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ ስሙ አፏ ጫፍ ላይ ደርሶ ይመለሳል። ልትጠራው ነው ብዬ አሰብኩ። ጥሪው ብዬ ስለምናት ከርሜ፣ ያን ጊዜ ግን ባትጠራው ብዬ መመኘቴ ዛሬም ይገርመኛል። ዋርሳዋ ጠረጴዛውን ያያሉ። ከመደሰት ይልቅ ያፈሩ መሰለኝ፤ ግን ደንቡ ይቅርላት አላሉም።

ቴክኒሻኑ በመስተዋቱ በኩል እጁን አወዛወዘ። ስልክ ገብቷል። የአድማጭ ስልክ የምንቀበለው መጨረሻ ላይ ነው፤ ዝምታው ግን አላስቻለኝምና «አስገባው» ብዬ በእጄ ምልክት ሰጠሁት።

የአንዲት አሮጊት ድምፅ መጣ፤ ከኋላዋ የእኛው ፕሮግራም በሬዲዮ ያስተጋባል።

«እናቴ፣ አየር ላይ ነዎት። ሬዲዮዎን ይቀንሱልን» አልኩ።

«ብቀንሰው እናንተን በምን ልስማችሁ?» አሉ።

ደዋይ ሁሉ የሚለው ነው፤ ቢሆንም ሳቄ መጣ። ማን እንደሆኑ ጠየቅኋቸው።

«የሁለቱ እናት ነኝ። እሱን ወልጄዋለሁ። እሷን ለታናሹ ድሬ ቤቴ አስገብቻታለሁ።»

ዋርሳዋ ቀና አሉ። እሷ የነጠላዋን ጫፍ አንስታ አፏን ሸፈነች።

«ምራቴ ስሙን አትጠራም» አሉ አሮጊቷ፤ ድምፃቸው ቢደክምም አይንቀጠቀጥም። «እንዳትጠራ አድርጌ ነው ያኖርኳት፤ ጥፋት ካለ የእኔ ነው። እናንተ ያለ ስም አይሆንም ካላችሁ ግን እኔ እጠራዋለሁ። ስሙን ያወጣሁለት እኔ ነኝ። እሷ የሚያስፈልጋት ጋ ስትደርስ ዝም ትበል፤ እኔ እዚሁ ስልኩ ላይ ነኝ።»

ኃላፊው በጆሮ ማዳመጫዬ «የአባት ስምስ?» አለኝ። ይህ ሰው ደንብ ይወዳል ብያለሁ። ሳልወድ ጠየቅኋቸው።

«የአባቱን ስም እኔም አልጠራም!» አሉ ቆጣ ብለው። «ባሌ ናቸው።»

ዋርሳዋ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ይሄ ደንቡ ላይ የለም» አሉ።

«ደንቡ በስም ይጠራ ነው የሚለው» አልኩ። «ማን እንደሚጠራው አይልም።» ወደ መስተዋቱ አልዞርኩም፤ ብዞር ኃላፊው ምን ምልክት እንደሚያሳየኝ ስለማላውቅ ነው። ወደ እሷ ብቻ አየሁና «ጥያቄዎን ይቀጥሉ» አልኳት።

ነጠላዋን ከአፏ አወረደች። «ጥያቄዬ ለ…» አለችና ዝም አለች።

ከስልኩ ውስጥ አሮጊቷ የልጃቸውን ስም ጠሩ። እንደ ሰብሳቢ አልጠሩትም፤ ልጅ ከማሳ ማዶ ሲጠራ እንደሚጎተተው፣ መጨረሻውን ሳብ አድርገው ነው የጠሩት።

«ዬ፣ አዮ!» አሉ ዋርሳዋ፤ አቤት እናቴ ማለት ነው። ካሉ በኋላ ነው የት እንዳሉ ትዝ ያላቸው። ግማሽ ከወንበራቸው ተነስተው ነበር፤ ጉልበታቸው ጠረጴዛውን መታው፣ ማይክሮፎኑም ጓ አለ። ቴክኒሻኑ አቀርቅሮ ትከሻው ይንቀጠቀጣል። እኔ ምላሴን ነክሼ ሳቄን ዋጥኩት። ጸጉራቸው ሸብቷል፣ ምክር ቤት ተቀምጠዋል፣ ሰው ያስታርቃሉ፤ እናታቸው ሲጠሯቸው ግን የተነሱት ያ ሁሉ ከመሆኑ በፊት የነበሩት ሰው ናቸው።

የመጀመሪያ ጥያቄዋ ስለ ማዳበሪያ ነበር፤ ለምን ዘር ከተዘራ በኋላ ይደርሳል? ወንበራቸውን አስተካክለው፣ ድምፃቸውን ሰብስበው መለሱ። ትራንስፖርት፣ ቅንጅት፣ በሂደት ላይ። ምክር ቤት ያስተማራቸው አማርኛና ኦሮምኛ ተደባልቆ ፈሰሰ፤ ካሁን ወዲያ የሚያስቆማቸው ያለ አይመስልም ነበር።

«ሁለተኛው ጥያቄዬ» አለች፣ አሁንም «ለ…» ብላ ጠበቀች።

አሮጊቷ ጠሩ። በዚህኛው ጊዜ ቀስ ብለው ነው።

«ዬ» አሉ ዋርሳዋ፣ በለሆሳስ።

«ያን ዓመት ክረምቱ ከባድ ነበር» አለች። ለእኔ የነገረችኝ የቀበሌውን ሴቶች ጉዳይ ነበር፤ ቀጥሎ ያለውን አልነገረችኝም። «ምጥ ይዞኝ በቃሬዛ ወንዙ ዳር አደረሱኝ። እርስዎም ከተሸካሚዎቹ አንዱ ነበሩ። ውሃው አላሻግር አለን። እዚያው ወለድኩ። ልጁ እስኪመሽ አልቆየም። ለቅሶው ላይ እጄን ይዘው፣ ይህንን ድልድይ በምክር ቤት አነሳዋለሁ አሉኝ። እኔም አመንኩዎት። ያን ሁሉ ዘመን ተቀምጠዋል። አንስተውታል?»

ዝናቡ ቀነስ ብሎ ነበር። ዋርሳዋ አፋቸውን ከፈቱ፤ ያ የለመዱት መልስ ሲመጣ አየሁት፣ ሲመለስም አየሁት። ከስልኩ ውስጥ የአሮጊቷ ትንፋሽ ይሰማል።

«አላነሳሁትም» አሉ።

ቀጠሉም፤ ወደ ማይክሮፎኑ ሳይሆን ወደ ስልኩ ድምፅ ማጉያ ዞረው ነው የተናገሩት። «ሁለት ጊዜ ልጠይቅ ተነስቼ ተቀምጫለሁ። የቤቱን ኀዘን ምክር ቤት ድረስ ይዞ መጣ፣ ለወንድሙ ቤት ድልድይ አስሠራ እንዳይሉኝ ፈራሁ። ከዚያ ደግሞ ዘገየ። ሲዘገይ ማንሳቱ ራሱ አሳፈረኝ።»

እንደ ጋዜጠኛ አንድ ነገር ማለት ነበረብኝ፤ «አመሰግናለሁ፣ ወደሚቀጥለው እንለፍ» የመሰለ ነገር። ለዓመታት የሴት ድምፅ ይሰማ ስል ድምፅ ማለት ማይክሮፎን፣ ሰዓት፣ ደቂቃ ይመስለኝ ነበር። እነዚያማ ነበሯት፤ እኔው ሰጥቻታለሁ። ይህች ሴት ግን ያንን ሁሉ ይዛ አፏ ተዘግቶባት ነበር፤ የከፈተችላት ሌላ ሴት ናት፣ ያውም ስትዘጋው የኖረችው። እንባዬ መጣ። ስቱዲዮ ውስጥ አልቅሼ አላውቅም ነበር። እሷ አላለቀሰችም። ጎንበስ ብላ «አመሰግናለሁ» አለቻቸው፤ ሽሙጥ አልነበረበትም። መስማት የፈለገችውን ሰምታ ነበር።

ምርጫውን አሸነፈች። አንባቢ ማንጠልጠል ስለማልወድ ነው አሁን የምለው። ዋርሳዋ ውጤቱን ተቀብለው ቤቷ ድረስ ሄደው መርቀዋታል አሉኝ። ለድልድዩ የመሠረት ድንጋይ ተቀምጧል፤ ሄጄ አይቼዋለሁ፣ ወንዙ በጎኑ ያልፋል። ስትደውልልኝ ከእሱ በቀር ሌላ ወሬ የላትም፤ የምክር ቤቱን ሰዎች አሰልችታቸዋለች፣ ታሰልቻቸው። ደንባችንም ተሻሻለ፣ ከእንግዲህ «እጩ» ማለት ይበቃል። ኃላፊው ማሻሻያውን ራሱ ጻፈው፤ አንዲት ቃል አልተናገረም፣ የሸሚዙን የላይኛ ቁልፍ ግን ፈትቶ ነበር።

ከዚያ ቅዳሜ ግን ቶሎ ቶሎ የሚመጣብኝ በአየር ላይ ያልተላለፈው ነው። ፕሮግራሙን ዘግተን ሙዚቃ ለቀቅን። ሁለቱ ካፖርትና ነጠላ እያስተካከሉ ወጡ፤ ዝናቡ አባርቶ ነበር፤ በአንድ ባጃጅ ሄዱ። ማይክሮፎኑን ከዘጋሁ በኋላ የስልኩ መብራት አሁንም እንደበራ አየሁ። እጀታውን አነሳሁት።

«እናቴ፣ አሁንም አሉ እንዴ? ጨርሰናል። መዝጋት ይችላሉ።»

«ዝጊ ያለኝ ስለሌለ ነው» አሉ። ሬዲዮአቸውን ቀንሰውታል፤ ከኋላቸው ምንም አይሰማም። «በደንብ ጠራሁት?»

«በጣም በደንብ» አልኳቸው።

«ስሙን ስጠራው ደስ አለኝ። ትልቅ ሰው ከሆነ ወዲህ እንደዚያ ጮክ ብዬ ጠርቼው አላውቅም።» የዘጉ መስሎኝ እጀታውን ልመልስ ነበር።

«ያኛውንም ልጠራው ነበር» አሉ። «የወንዙን ሕፃን። እሷ ስታነሳው አፌ ላይ መጣብኝ። ግን ስም ሳናወጣለት ነው የሄደው። ምን ብዬ ልጥራው፣ ልጄ?»

እሳቸው እስኪዘጉት እጀታውን ጆሮዬ ላይ እንደያዝኩ ቆየሁ።